ከልስኑ ሥር ያለው፦ የበርክሊው በረንዳ መደርመስ እና የሥራ ተቋራጭ አመራረጥ

እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 2015 እኩለ ሌሊት ካለፈ ከ40 ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት በበርክሊ ከተማ፣ ኪትሬጅ መንገድ ላይ በሚገኝ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ፣ የአራተኛው ፎቅ በረንዳ 13 ሰዎች እንደቆሙበት ከግድግዳው ሥር ተገንጥሎ ተገለበጠ። ስድስት ወጣቶች ሞቱ፤ ሰባቱ ክፉኛ ቆሰሉ። ከሟቾቹ አምስቱ በትምህርት ዕረፍታቸው ሊሠሩ ከአየርላንድ የመጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ ስድስተኛዋ የአይሪሽ ዝርያ ያላት የካሊፎርኒያ ልጅ ናት። የተሰበሰቡት የ21ኛ ዓመት ልደት ለማክበር ነበር።

ሕንፃው አሮጌ አልነበረም። ተሠርቶ ያለቀው በ2007 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ስምንት ዓመት እንኳ ለበረንዳ ዕድሜ አይባልም። የከተማው ማዘጋጃ ቤት የግንባታ ፈቃድ ሰጥቶበታል፣ ተቆጣጣሪዎች አይተውታል፣ የሠራው ሥራ ተቋራጭም ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ነበር። ቤቱን ወይም በረንዳውን ለማሳደስ ባለሙያ የሚፈልግ ሰው «ፈቃድ አለው ወይ?» ብሎ ጠይቆ «አለው» ሲባል ልቡ ያርፋል። በርክሊ ውስጥ ይህ ሁሉ ተሟልቶ ነው ሰው የሞተው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥር መሠረቱ ማየት ይጠቅማል።

በመጀመሪያ በረንዳው እንዴት እንደቆመ እንመልከት። ከታች የሚደግፈው ምሰሶ አልነበረውም። ከክፍሉ ወለል ተነሥተው ግድግዳውን አልፈው ወደ ውጭ በሚዘልቁ አግዳሚ እንጨቶች ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። እንዲህ ባለ አሠራር ሸክሙ የሚበረታው እንጨቱ ከግድግዳው በሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። ክፋቱ፣ ዝናብም መግቢያ የሚያገኘው በዚያው የበረንዳው ወለልና የግድግዳው መጋጠሚያ ላይ መሆኑ ነው። አንድ ቦታ ላይ ትልቁ ሸክምና ትልቁ የውሃ አደጋ ተገናኙ። የበረንዳው ሆድ ደግሞ ዙሪያውን የታሸገ በመሆኑ አንዴ የገባ ውሃ የሚወጣበት፣ ነፋስም ገብቶ የሚያደርቅበት ቀዳዳ አልነበረውም።

አደጋው እንደተሰማ ብዙ ሰው የጠየቀው «13 ሰው አንድ በረንዳ ላይ ምን ያደርጋል?» ብሎ ነበር። ሟች ላይ ማሳበብ ቀላል ነው። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። በጊዜው የነበረው የግንባታ ደንብ እንዲህ ያለ በረንዳ በእያንዳንዱ ስኩዌር ፊት 60 ፓውንድ እንዲሸከም ያስገድድ ነበር፤ በካሬ ሜትር ወደ 290 ኪሎ ማለት ነው። በረንዳው አራት ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው። በደንቡ መሠረት ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ መሸከም ይጠበቅበታል ማለት ነው። 13 ወጣቶች፣ በአማካይ ሰባ ሰባ ኪሎ ብናደርጋቸው፣ 910 ኪሎ ይሆናሉ። በዚያ ላይ ደንቡ ትርፍ ጉልበት ጨምሮ ነው የሚሰላው። ጤነኛ እንጨት ቢሆን ኖሮ ይችላቸው ነበር።

እንጨቱ ግን ጤነኛ አልነበረም። ከግድግዳው ላይ ተሰብረው የቀሩት የአግዳሚዎቹ ጉቶዎች በፎቶግራፍ ሲታዩ እንደ ተነጨ ገለባ ነበሩ፤ በንጹሕ የተሰበረ እንጨት እንዲያ አይሆንም። ከተማው ከአንድ ሳምንት በኋላ ያወጣው ዘገባ የተሸካሚዎቹ ጫፎች ክፉኛ በስብሰው እንደነበር አረጋገጠ። ከሥሩ የነበረው የሦስተኛው ፎቅ በረንዳም ሲፈተሽ ለአደጋ የተጋለጠ ሆኖ ስለተገኘ እንዲነሣ ተደረገ። ይህን ያደረገው እንጨት የሚበላ ፈንገስ ነው። ፈንገስ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው እርጥበት ነው፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ላይ ማደግ አይችልም። ጣሪያው የማያፈስ ቤት ውስጥ ያለ ወራጅ መቶ ዓመት የሚቆየው፣ የታሸገ በረንዳ ሆድ ውስጥ ያለው ደግሞ በስምንት ዓመት የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃው መቼ ገባ? በርክሊ የምትገኝበት የአላሜዳ ካውንቲ የጊዜው ዋና ዐቃቤ ሕግ ናንሲ ኦማሊ ለዘጠኝ ወራት ያህል ካስመረመሩ በኋላ በማርች 2016 በሰጡት መግለጫ፣ የአደጋው ዋና ምክንያት በበረንዳው ወለል ውስጥ ታፍኖ የቀረ ውሃ መሆኑን ገለጹ። ለዚህም አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች መካከል ግንባታው በተካሄደባቸው ወራት የነበረው ከባድ ዝናብና ጥቅም ላይ የዋሉት የቁሳቁስ ዓይነቶች ይገኙበታል፤ ቁሳቁሶቹን ደንቡ አይከለክላቸውም ነበር። በሌላ አነጋገር እንጨቱ ገና ከጅምሩ እርጥበት አዝሎ ታሸገበት። ውሃ እንዳይገባ የተደረገው ልባስ ውሃ እንዳይወጣ ዘጋው።

በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው ብዬ ስለማምን። በረንዳ ሲሠራም ሆነ ሲጠገን እያንዳንዱ የሥራ ደረጃ ያለፈውን ይሸፍናል። ኮምፔንሳቶው አግዳሚውን ይሸፍናል፤ ውሃ መከላከያው ኮምፔንሳቶውን፤ ሊሾው ወይም ንጣፉ ውሃ መከላከያውን፤ ከታች ደግሞ ልስኑ ሁሉንም። ባለቤቱ ሥራው አልቋል ሲባል ሄዶ የሚያየው የመጨረሻውን ቆዳ ነው። ቀለሙ ያምራል፣ መደገፊያው ይጠብቃል፣ ወለሉ አይነቃነቅም፤ ቼኩን ይፈርማል። የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ሥራ ግን ከሦስት ቀን ወይም ከሦስት ሳምንት በፊት ተሠርቶ፣ ተሸፍኖ፣ ማንም ሳያየው አልፏል። ከሥራ ተቋራጭ የምንገዛው በአብዛኛው ይህን የማይታየውን ነው፤ ዋጋ የምንከራከረው ግን በሚታየው ላይ ነው።

ዐቃቤ ሕጓ በማንም ላይ የወንጀል ክስ አልመሠረቱም። በሰው መግደል ለመክሰስ ከፍተኛ ቸልተኝነትን፣ አደጋው ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ መገመት ይቻል እንደነበር ጭምር ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ያገኙት ማስረጃ ለዚያ እንደማይበቃ ተናገሩ። ለሟቾች ቤተሰቦች ይህ መራራ ነበር። በፍትሐ ብሔር ያቀረቧቸው ክሶች ኋላ በስምምነት ተዘጉ።

ከእነዚያ የክስ ማመልከቻዎች ውስጥ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ቀደም ሲል በዚያው ቤት ይኖሩ የነበሩ ተከራዮች በረንዳው ላይ የጅብ ጥላ በቅሎ አይተው ለሕንፃው አስተዳደር ነግረው እንደነበር ተጠቅሷል። አስቡት፦ ከተማ መካከል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አፈር በሌለበት የጅብ ጥላ ይበቅላል። ገጠር ያደገ ሰው የጅብ ጥላ የት እንደሚበቅል ይነገረው ዘንድ አያስፈልገውም፤ በሰበሰ ግንድ ላይ ነው። በረንዳው ራሱ «በስብሻለሁ» እያለ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር፤ አንድ ባለሙያ ጠርቶ ልስኑን በጥቂቱ አስከፍቶ ማየት የአንድ ቀን ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሥራ ተቋራጩ እንምጣ። ከአደጋው በኋላ ጋዜጠኞች የፍርድ ቤት መዛግብት ሲያገላብጡ፣ ሕንፃውን የሠራው ድርጅት ቀደም ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ በሌሎች ግንባታዎች ላይ ለቀረቡበት የጉድለት ክሶች 26.5 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት መክፈሉ ተገለጠ። በካሊፎርኒያ የሥራ ተቋራጮች ፈቃድ ቦርድ መዝገብ ላይ ግን ከዚህ አንዱም አልነበረም። የደበቀ ሰው ስለነበረ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ክፍያ ለቦርዱ አሳውቁ የሚል ሕግ ስላልነበረ ነው። አንድ ጠንቃቃ ባለንብረት የፈቃድ ቁጥሩን ይዞ ቦርዱን ቢጠይቅ «ንጹሕ ነው» ተብሎ ይመለስ ነበር። የኋላ ኋላ ቦርዱ የድርጅቱን ፈቃድ ሰረዘ፤ ይህ የሆነው በ2017 ነው።

ሕጉን ለማስተካከል የግዛቱ ሴናተር ጄሪ ሂል ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። በመጀመሪያው ሙከራ ያገኙት ጉዳዩ ይጠና የሚል ሕግ ብቻ ነበር፤ የግንባታው ዘርፍ ተቃውሞ ቀላል አልነበረም። በ2018 የወጣው ኤስቢ 1465 (ኤስቢ ከግዛቱ ሴኔት የመነጨ ሕግ መለያ ነው) ግን ሥራ ተቋራጮች በኪራይ አፓርታማዎች የመዋቅር ጉድለት ምክንያት አንድ ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ በፍርድ ወይም በስምምነት ሲከፍሉ ለቦርዱ እንዲያሳውቁ አስገደደ። በዚያው ዓመት የወጣው ኤስቢ 721 ሦስትና ከዚያ በላይ ቤቶች ያሏቸው የኪራይ ሕንፃዎች፣ ከመሬት ከስድስት ጫማ በላይ ከፍ ያሉና በእንጨት የቆሙ በረንዳዎቻቸውን በየስድስት ዓመቱ እንዲያስመረምሩ ያዛል፤ የመጀመሪያው ምርመራ የጊዜ ገደብ ኋላ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ተራዝሟል። ኤስቢ 326 ደግሞ በ2019 ወጥቶ ለኮንዶሚኒየም ማኅበራት ተመሳሳይ ግዴታ በየዘጠኝ ዓመቱ ጣለ።

ከሁሉም ይልቅ የወደድሁት በግንባታ ደንቡ ውስጥ የገባችው ትንሽ አንቀጽ ናት። ለዝናብ በተጋለጠ በረንዳ ላይ የተዘረጋ ውሃ መከላከያ፣ ተቆጣጣሪ አይቶ ሳያጸድቀው እንዳይሸፈን ትከለክላለች። የታሸገ በረንዳ የአየር መተንፈሻ እንዲኖረውም ታዘዘ። ስድስት ሰው ከሞተ በኋላ ደንቡ የደረሰበት ነጥብ ይህ ነው፦ ሳይሸፈን ይታይ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ለሐበሾች የሩቅ ወሬ አይደለም። አደጋው የደረሰበት ቦታ በኦክላንድ ቴሌግራፍ መንገድ ላይ ከተደረደሩት የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ጥቂት ማይሎች ብቻ ይርቃል። በዚያ አካባቢ ኮንዶሚኒየም የገዛ ሰው የማኅበሩ የበረንዳ ምርመራ ውጤት ምን እንደሚል የማየት ጥቅም አለው፤ ጥገናው ከባድ ከሆነና ማኅበሩ በቂ ተቀማጭ ከሌለው ልዩ መዋጮ ሊመጣበት ይችላል። ቤት ከመግዛቱ በፊት ቢጠይቅ ደግሞ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ሕጉ የማይደርስለት የአንድ ቤተሰብ ቤት ያለው ሰው ነው። ከኋላ በር የሚወጣውን የእንጨት በረንዳ መርምር ብሎ የሚያስገድደው የለም። ራሱ ባለቤት፣ ራሱ ተቆጣጣሪ ነው። ብዙውን ጊዜ ባለሙያ የሚያገኘውም በሰው በሰው ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ፣ በዕድር፣ በሠርግ ቤት። በትውውቅ ማሠራት መጥፎ ነው አልልም። መልካም ስም በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ዋስትና ነው፤ ክፉ ሥራ የሠራ ሰው ፊቱን የሚያዞርበት የለውም። ችግሩ የሚጀምረው ትውውቁ ውልን ሲተካ ነው። «ጋሼ፣ ለዚህች ሥራ ደግሞ ፈቃድ ምን ያደርጋል? ማዘጋጃ ቤቱ እኮ ወር ያስጠብቅዎታል» የሚለው አነጋገር በአክብሮት የታሸገ ነው፤ ትርጉሙ ግን ማንም ሳያየኝ ልሸፍነው ማለት ነው።

የካሊፎርኒያ ሕግ እዚህ ላይ ለባለቤቱ ከሚያስበው በላይ ጉልበት ሰጥቶታል። ከ2025 ጀምሮ ጠቅላላ ዋጋው 1,000 ዶላር የሚደርስ ወይም የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ያለ ሙያ ፈቃድ መቀበል ክልክል ነው። ፈቃድ ሳይኖረው የሠራ ሰው ክፍያ ቀረብኝ ብሎ መክሰስ አይችልም፤ እንዲያውም ባለቤቱ የከፈለውን ለማስመለስ ሊከሰው ይችላል። ቀብድ ደግሞ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ወይም 1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው አይበልጥም፤ የተለየ የዋስትና ሰነድ ያስመዘገበ ካልሆነ በስተቀር። የ12,000 ዶላር ሥራ ተዋውሎ «ለዕቃ መግዣ» ብሎ ግማሹን የሚጠይቅ ሰው ሕግ እየጣሰ ነው። ከቀብዱ በኋላ የሚመጡት ክፍያዎችም ከተሠራው ሥራና ከቀረበው ዕቃ ዋጋ ቀድመው መሄድ የለባቸውም።

ይህን የመጨረሻውን ደንብ ከበርክሊ ጋር ማጋባት ይቻላል። ክፍያውን በሳምንት ሳይሆን በመሸፈኛዎቹ ላይ ማሰር ነው። አሮጌው ወለል ተነቅሎ ተሸካሚዎቹ ዕርቃናቸውን ሲወጡ አንድ ጊዜ ማየት፤ በተለይ በረንዳውን ከቤቱ ጋር የሚያያይዘውን አግዳሚ። የእንጨት በረንዳዎች በብዛት የሚደረመሱት ይህ አግዳሚ ከቤቱ ሲነቀል ነው። በሚስማር ብቻ ተመትቶ ከሆነ ይህ ራሱ ጥፋት ነው፤ በወፍራም ብሎን መታሰር አለበት። ከዚያ አዲሶቹ እንጨቶች ገብተው፣ በግድግዳው መጋጠሚያ ላይ ውሃውን ወደ ውጭ የሚመልሰው ቆርቆሮ ከተነጠፈ በኋላ፣ ገና ወለል ሳይለብስ ሁለተኛ ማየት። የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ የሚመጣው በእነዚህ ደረጃዎች መሆን አለበት፤ የግንባታ ፈቃድ የሚወጣበትም አንዱ ጥቅም ይኸው ነው። እርስዎ ሥራ ላይ ከሆኑ ባለሙያው በየደረጃው ፎቶግራፍ እያነሣ እንዲልክ በውሉ ላይ ይጻፍ። ሐቀኛ ባለሙያ በዚህ አይከፋም፤ እንዲያውም ነገ የሚከራከርበት ማስረጃ ስለሚሆነው ይወደዋል።

ጠብ የሚነሣበትን ቦታም አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። ወለሉ ሲነሣ ከተገመተው በላይ የበሰበሰ እንጨት መገኘቱ የተለመደ ነው። ባለሙያው «ሌላ አራት ሺህ ዶላር ጨምር» ይላል፤ ባለቤቱ እየተበዘበዘ ይመስለዋል፤ ሥራው ይቆማል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሁለቱም ተስማምተው የበሰበሰውን ሸፍነው ማለፋቸው ነው። መፍትሔው ከመጀመሪያው የሚለወጥ አንድ አግዳሚ ከነጉልበቱ ስንት እንደሆነ በውሉ ላይ ማስፈር ነው። ተጨማሪ ሥራ ሲኖርም፣ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ተስማምቶ መፈራረም ግዴታ ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠት በፊት ደግሞ የእንጨት መደብሩና ረዳት ሠራተኞቹ መከፈላቸውን የሚያሳይ የመልቀቂያ ሰነድ መቀበል ያስፈልጋል። ካልተከፈሉ፣ ባለቤቱ ለተቋራጩ ጨርሶ ከፍሎም እንኳ፣ በቤቱ ላይ የመያዣ መብት ሊያስመዘግቡ ይችላሉ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው።

ስለ ፈቃድ ማጣራት የምለው አጭር ነው። የቦርዱ መዝገብ በነጻ ይታያል፤ ፈቃዱ ጸንቶ መኖሩን፣ የ25,000 ዶላር ዋስትናው መኖሩንና የሠራተኛ ጉዳት መድን መግባቱን ያሳያል። ይህ ሳይታይ አይጀመርም። የበርክሊው መዝገብም ንጹሕ እንደነበር ግን አይዘንጋ፤ ስለዚህ ከአምስት ዓመት በፊት የሠራውን በረንዳ አድራሻ ጠይቆ ሄዶ ማየትና ባለቤቱን ማነጋገር ከመዝገቡ የበለጠ ይናገራል። የአምና ሥራ ሁሉ ያምራል።

ከጥገናው በኋላ ያለው ክትትል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ እንዳቆመ፣ ካቻቪቴ ይዞ ከበረንዳው ሥር መግባት ነው። የእንጨቱን ጫፎች፣ የደረጃውን እግር፣ ከግድግዳ ጋር የተገናኘውን አግዳሚ ጫን አድርጎ መውጋት። ጤነኛ እንጨት ጫፉን አያስገባም፤ የበሰበሰው ግን እንደ ቂጣ ይዋጣዋል። የአበባ ማሰሮ ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ የተቀመጠበትን ወለል ማንሣት አይረሳ፤ ከሥሩ መቼም አይደርቅም። የታሸገ በረንዳ ከሆነ ከታች ልስኑ ላይ የሻይ መልክ ያለው እድፍ ወይም ስንጥቅ መፈለግ ነው፤ ያ ከታየ ቀለም ቀቢ ሳይሆን ልስኑን የሚከፍት ባለሙያ ይጠራል።

ተከራይ የሆነ ሰው በረንዳው ሲያዘነብል፣ ሲለሰልስ ወይም የጅብ ጥላ ሲያበቅል ካየ፣ ለአከራዩ በቃል ብቻ መንገር አይበቃውም። ቀን ያለው ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ከፎቶግራፍ ጋር ይላክ፤ መልስ ካልመጣ ለማዘጋጃ ቤቱ የሕንፃ ቁጥጥር ክፍል ያመልክት፤ እስከዚያው ማንም እንዳይወጣበት በሩን ይዝጋ። በበርክሊው ጉዳይ ወንጀል ነው አይደለም የሚለውን የወሰነው፣ ማን ምን መቼ ያውቅ ነበር የሚለው ጥያቄ ነው። ቀን ያለው ጽሑፍ ለዚህ መልስ ይሰጣል፤ አከራዩም ጽሑፉ እጁ ላይ ከገባ በኋላ አላወቅሁም ማለት አይችልም።